የግልቢያ ቦት ጫማ ዚፕ ጥገና

የግልቢያ ቦት ጫማ ዚፕ ጥገና ፈረስ ጋላቢዎች በሚጫሙት ረጅም የቆዳ ቦት ላይ የተሰፋ ዚፕ ሲበላሽ የሚደረግ ማስተካከል ወይም መቀየር ነው። ቦቱ እስከ ጉልበት ሥር የሚደርስና ባት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚሠራ በመሆኑ ዚፑ ከጃኬት ወይም ከቦርሳ ዚፕ የበለጠ ጫና ይሸከማል። በዚህም ምክንያት ቆዳውና ሶሉ ገና ደህና ሳሉ ቀድሞ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ዚፑ ነው።

ታሪክ

ዚፕ ከመነሻው ለጫማ የታሰበ ነበር። አሜሪካዊው ዊትኮም ጀድሰን በ1893 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት መሣሪያ የጫማ ማሰሪያን ለመተካት የተሠራ ሲሆን በዚያው ዓመት በቺካጎ የዓለም ትርኢት ላይ ታይቷል። ሆኖም በራሱ እየተከፈተ ስላስቸገረ ብዙም ገበያ አላገኘም። ዛሬ የሚታወቀውን ባለ ጥርስ ዚፕ የሠራው በስዊድን የተወለደው መሐንዲስ ጊዲየን ሰንድባክ ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። «ዚፐር» የሚለው ስም የመጣውም ከጫማ ነው፤ ቢ. ኤፍ. ጉድሪች የተባለው የጎማ ኩባንያ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ለጎማ ቦት ጫማው ያወጣው ስም ነበር።

የግልቢያ ቦት ግን ለረጅም ጊዜ ያለ ዚፕ ሲሠራ ቆይቷል። ጋላቢው ቦቱን በመንጠቆ እየጎተተ ያጠልቀው፣ ተረከዙን በሚይዝ የእንጨት ማውለቂያም ያወልቀው ነበር። በኢትዮጵያ ነባር አጋላለብ ደግሞ ጋላቢው በባዶ እግሩ ሆኖ አውራ ጣቱን ብቻ ትንሽ እርካብ ውስጥ ስለሚያስገባ የቦት ነገር አይነሳም ነበር።

አሠራርና የብልሽት ምክንያት

ዚፕ በሁለት የጨርቅ ጠርዞች ላይ የተደረደሩ ጥርሶችና በላያቸው የሚንሸራተት ራስ አለው። ራሱ በአንድ በኩል ሁለት፣ በሌላው በኩል አንድ መግቢያ አለው፤ ወደ ላይ ሲሳብ ጥርሶቹን እያጠጋ ያቆላልፋል፣ ወደ ታች ሲሳብ በመሃሉ ያለው ሽብልቅ ይለያያቸዋል። በቦት ላይ ዚፑ ከኋላ ወይም በእግሩ ውስጠኛ ጎን በኩል ይሰፋል።

አብዛኛው ብልሽት የሚጀምረው ቁርጭምጭሚት አካባቢ ነው። ጋላቢ ተረከዙን ወደ ታች ስለሚጫን ቆዳው እዚያ ቦታ ላይ ይታጠፋል፣ ዚፑም አብሮ ይታጠፋል። የፈረስ ላብ፣ አቧራና ጭቃ በጥርሶቹ መሃል ሲደርቁ ራሱን ያዳክሙታል። አዲስ ቦት ገና ስላልለሰለሰ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዚፑ በተለይ ይጨነቃል። ዚፑን እስከ ታች ሳይከፍቱ እግርን መንጭቆ ማውጣትም የታችኛውን ማቆሚያ ይሰብራል።

ጉዳዩ የመልክ ብቻ አይደለም። በግልቢያ ላይ ዚፑ ቢከፈት ቦቱ ይላላል፣ የተንጠለጠለው ቆዳም ከእርካቡ ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ ጋላቢ ወድቆ እግሩ እርካብ ላይ ቢቀር ደግሞ ፈረሱ ይጎትተዋል። ቦቱን በናስትሮ ጠቅልሎ ወደ ቤት መመለስ ይቻላል፤ እንዲያ ሆኖ መጋለብ ግን አይመከርም።

ቀላል ጥገና

ዚፑ ሲዘጋ ከራሱ በታች እየተከፈተ የሚመጣ ከሆነ ጥርሶቹን ከመውቀስ በፊት ራሱን ማየት ያስፈልጋል። ሲያረጅ የላይና የታች ሳህኖቹ ስለሚራራቁ ጥርሶቹን አጥብቆ መጫን ያቅተዋል። ዚፑ እስከ ታች ተከፍቶ የራሱ የኋላ ጫፍ ግራና ቀኙ በፒንሳ በጥቂቱ ይጨመቃል፣ ይሞከራል፣ ካስፈለገ ይደገማል። በአንድ ጊዜ አጥብቆ መጭመቅ ራሱን ይሰነጥቀዋል፤ ብዙዎቹ ራሶች የሚሠሩበት የዚንክ ቅይጥ እንደ ብረት የሚለጠጥ አይደለም።

ዚፑ ከደረቀ በጥርስ ብሩሽ ተጠርጎ ሻማ ወይም ደረቅ ሳሙና ይታሸዋል። ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም ጥሩ አይደለም፤ ቆዳው ውስጥ ይሰርጋል፣ አቧራም ይሰበስባል።

ራሱ ከአንድ ወገን ከወጣ ከታች ጥቂት ስፌት ተፈትቶ ሁለቱም ጠርዞች እኩል ይገቡበታል፤ ከዚያ በጠንካራ ክር ደጋግሞ በመስፋት አዲስ ማቆሚያ ይሠራል።

ዚፑን መቀየር

ጥርስ ከጎደለ ወይም ጨርቁ ከተቀደደ መቀየር ግድ ነው። የዚፕ ቁጥር በግምት የተዘጉት ጥርሶች ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ ለረጅም ቦት ብዙ ጊዜ 8 ወይም 10 ቁጥር ይመረጣል። 5 ቁጥር የልብስ ነው፣ በርካሽ ተገኘ ተብሎ ቢሰፋ ብዙ አይቆይም። ስፋቱና ርዝመቱ ከአሮጌው ላይ ይለካል።

ጫማ ሰፊው በቅድሚያ አሮጌውን ስፌት በምላጭ ይፈታል። እዚህ ላይ ነው ጥሩ ሥራ ከመጥፎው የሚለየው። ጨርቅ ሲወጋ ክሮቹ ተመልሰው ይገጥማሉ፤ ቆዳ ግን የተወጋበት ቀዳዳ አይደፈንም። በአሮጌው ቀዳዳ አጠገብ አዲስ ረድፍ ቢወጋ ጠርዙ እንደ ቴምብር ጠርዝ ተበስቶ በመጀመሪያው ጫና ይቀደዳል። ስለዚህ አዲሱ ዚፕ በቆዳውና በገበሩ መሃል ገብቶ በማስቲሽ በስሱ ይያዝና በነበሩት ቀዳዳዎች ብቻ ይሰፋል። ማስቲሹ ጥርሶቹን መንካት የለበትም። ይህን በወስፌና በሁለት መርፌ በእጅ መሥራት ጊዜ ይፈጃል፤ ሆኖም የልብስ ስፌት መኪና ቀዳዳውን እየመረጠ አይወጋም፣ ጠባብ በሆነው የቦቱ አንገት ውስጥም አይገባም። የጫማ ሰፊዎች መኪና ረጅም ክንድ ስላለው መግባቱን ይገባል፣ ቀዳዳውን የሚያገኘው ግን እጀታውን በእጁ ቀስ እያለ የሚያዞር ባለሙያ ሲይዘው ነው።

ክሩ ናይለን ወይም ፖሊስተር ቢሆን ይመረጣል፤ ጥጥ በላብና በእርጥበት ይበሰብሳል። ሁለቱ ወገኖች ከታች ጀምሮ እኩል ካልተያዙ ዚፑ ይጣመማል፣ ከላይ ያለው ቁልፍም አይገጥምም። ማስቲሹ ከደረቀ በኋላ ቦቱ በባዶው ጥቂት ጊዜ ተዘግቶ ይከፈታል፤ ከዚያ እግር ገብቶ በቤት ውስጥ ይሞከራል።