ብርድ ፍሪጅ አይደለም፦ ከጢቾ ጓዳ እስከ ላጤ ቤት

ጢቾ የሄድነው ለሰርግ ነበር። ከአሰላ በስተምሥራቅ ያለውን የአርሲ ደጋ የሚያውቅ ሰው ሌሊቱ ምን እንደሚመስል አይነገረውም። እኛ ጋቢ በብርድ ልብስ ላይ ደርበን ነው ያደርነው። በማግስቱ ጠዋት ከትልቁ ድስት የተረፈው ወጥ ሞቅ ሞቅ ተደርጎ ቀረበልን። «እትዬ፣ ሌሊቱን የት አደረ?» ብለን ብንጠይቅ አስተናጋጃችን ሳቁብን።

«ልጆቼ፣ በዚህ ብርድ ምን ይበላሻል? አገሩ ራሱ ፍሪጅ ነው!»

እኛም ስቀን በላን። ማታ ላይ ከመካከላችን ሦስቱ ሆዳቸውን ይዘው ተኝተዋል።

ከተሻላቸው በኋላ አንድ ጥያቄ አነሳን። አያቶቻችን ያለ ፍሪጅ ኖረዋል። ታዲያ ምግባቸውን ያቆየላቸው የደጋው ብርድ ነበር?

እስኪ ወደ ስንቁ እንሂድ። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው ሠራዊት ወጥ በድስት ተሸክሞ አልሄደም። ለሩቅ መንገድ የሚያዘው በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ነው። የአርሲ ሰው ደግሞ ጭኮ አለው፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ታሽቶ የሚሠራ፣ ብዙ ጊዜ የሚቆይ ምግብ ነው። የእነዚህ ሁሉ ምሥጢር አንድ ነው፦ ውሃቸው ወጥቷል። ባክቴሪያ ያለ ውሃ አይራባም። ቅቤውም ቢሆን የሚነጠረው ውሃውና አሬራው እንዲለየው ነው። እንጀራን ደግሞ የሚጠብቀው ኮምጣጣነቱ ነው፤ ሻጋታ እስኪይዘው ጥቂት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ በላይ እንዲቆይ ከተፈለገ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል።

ብርዱስ? ለዚህ ምስክራችን ወተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰዉ በአጭሩ «ካዱ» የሚለው፣ ከሥራዎቹ አንዱ ከገበሬው ወተት መሰብሰብ ነበር። ከካዱ በፊትም ሆነ በኋላ ግን የአርሲ እናት አንድ ነገር ታውቃለች፦ ወተት ጥቂት ቀን ከተቀመጠ እርጎ ይሆናል። እርጎው ተንጦ ቅቤ ይወጣዋል። አገሩ ፍሪጅ ቢሆን ኖሮ ወተቱ ወተት እንደሆነ በቆየ ነበር። እርጎ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎች ደግነታቸው ይታወቃል፤ በዚያው ብርድ ወጥ ውስጥ የሚራቡት ግን ሁሉም ደግ አይደሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣቸው «አምስቱ ቁልፎች» ነገሩን በቁጥር አስቀምጦታል። አደገኛው ክልል ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የበሰለ ምግብ በዚህ ክልል ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። እንግዲህ አስቡት፤ የጢቾ ሌሊት ውጪው ቢበርድም ማድቤቱ ፍም ያደረበት ነው። በዚያ ላይ ትልቅ ድስት ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። መሐሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ለባክቴሪያ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም። በሥጋ ወጥ ውስጥ የሚገኘው ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ 45 ዲግሪ አካባቢ በደቂቃዎች ውስጥ እጥፍ ይሆናል።

«ጠዋት እናፈላዋለን!» የሚል አይጠፋም። አሰላ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ምግብ ሲሞቅ መሐሉ 70 ዲግሪ ከደረሰ በቂ ነውና ከፍታው ችግር አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ሲፈሉ የማይሞት ዘር ይተዋሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ እነሱ ቢሞቱም መርዛቸው በእሳት አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2008 ብራስልስ ውስጥ አንድ የ20 ዓመት ተማሪ 5 ቀን ከፍሪጅ ውጪ የቆየ ፓስታ አሙቆ በላ። በዚያው ሌሊት ሞተ። ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ባክቴሪያ በፓስታውና በሩዙ ላይ የሚሠራው መርዝ እንዲህ ያለ ነው። ላጤ ወንድሞቻችን፣ ምድጃ ላይ የረሳችሁትን ፓስታ አስታውሱ!

ታዲያ አያቶቻችን በምን ዳኑ? ሁሉም ዳኑ ማለት አይደለም፤ ተቅማጥ የቀበራቸውን ሕፃናት ማን ቆጠራቸው? የዳኑት ግን በብርድ አልነበረም። የሚቆየውን ያደርቁታል፣ የማይቆየውን ይጨርሱታል። ወጥ ለዕለቱ ይሠራል፣ የተረፈው ማታውኑ ለጎረቤት ይወጣል። ቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ሲጀምር መብራት እየተስፋፋ መጣ፣ ፍሪጅም ቀስ በቀስ ተከተለ። እኛ ከተሜዎቹ ፍሪጁን ተቀብለን የመጨረሱን ልማድ ጣልነው። መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ ሁለቱም የሉንም።

ስለዚህ የተረፈውን ወጥ በድስቱ አታሳድሩት። በትንንሽና ጥልቀት በሌለው ዕቃ ከፋፍላችሁ 2 ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ፍሪጁ ከ5 ዲግሪ በታች ይሁን። ከ3 እስከ 4 ቀን ውስጥ ብሉት፤ የምትበሉትን ያህል ብቻ አውጥታችሁ እስኪፈላ እያማሰላችሁ አሙቁ፣ ደግማችሁ አትመልሱት። መብራት ከጠፋ በሩን አትክፈቱ፤ ተዘግቶ እስከ 4 ሰዓት ይይዛል። ፍሪጅ የሌለው ደግሞ የአያቱን ሕግ ይያዝ፦ ትንሽ ሠርቶ መጨረስ።

ወደ እትዬ ስልክ ደውለን ይህንኑ ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙንና «እውነታችሁን ነው፤ እናቴም ወጥ አታሳድርም ነበር» አሉን። ለሚቀጥለው ሰርግ ድስቱ ሳይበርድ ለጎረቤት እንደሚያከፋፍሉም ቃል ገቡልን።