ኪሳራ ሽሽት፦ ሰው ለምን አልወራረድም ይላል?

ባሕር ዳር ውስጥ ለሚሠራ የባጃጅ ሹፌር እንዲህ ያለ ውርርድ ቀረበለት እንበል። ሳንቲም ይወረወራል፤ ዘውድ ከወጣ 150 ብር ያገኛል፣ ጎፈር ከወጣ 100 ብር ይከፍላል። በሒሳብ ውርርዱ ለሹፌሩ ያደላል፤ ደጋግሞ ቢጫወት በአማካይ በየውርወራው 25 ብር ያተርፋል። አብዛኛው ሰው ግን "ይቅርብኝ" ነው የሚለው። ሹፌሩ 100 ብሩን የሚያስባት ማታ ለባጃጁ ባለቤት ከሚያስገባው ገቢ ጋር ነው። ከጎደለች ከቤቱ አስቤዛ ላይ ትነሣለች።

የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ጠባይ አብራርተዋል። ሰው ሲያጣ የሚሰማው ሕመም ያንኑ ያህል ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ ይበልጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ግምት ከእጥፍ በላይ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ "ሎስ አቨርዥን" ሲሆን እኔ "ኪሳራ ሽሽት" እለዋለሁ። "የኪሳራ ፍርሃት" ብንለው ሰውየውን ፈሪ እናሰኘዋለን፤ "ስጋት ሽሽት" ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ውጤቱ ያልታወቀን ነገር ሁሉ፣ ኪሳራ ባይኖርበትም፣ መራቅ ማለት ነው።

ይኸው ጠባይ ቤቲንግ ቤት የገባውንም ወጣት ይይዘዋል። ሲጀምር የሚያስይዛት ትንሽ ብር እንደ ኪሳራ አትታየውም። ተበልቶ ሲቆጨው ግን ኪሳራውን ተቀብሎ መነሣት ያቅተዋል፤ የተበላውን ለማስመለስ ከቀድሞው የባሰ ትኬት ይቆርጣል። ካነማንና ትቨርስኪም ሰው ኪሳራ ውስጥ ሲገባ ደፋር እንደሚሆን ጽፈዋል።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ግን የገበሬው ጉዳይ ነው። ማሕሙድ የሱፍና ራንዲ ብለፍስቶን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በአማራ ክልል፣ በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ፣ 262 የገበሬ ቤተሰቦችን በእውነተኛ ገንዘብ አጫውተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትመዋል። ማግኘት ብቻ ካለበት ጨዋታ ይልቅ ማጣትም ባለበት ጨዋታ ሰዎቹ በጣም ተጠንቅቀዋል። ሀብት ያነሳቸው ይበልጥ ሸሽተዋል፤ በቀደሙት ዙሮች የቀናቸው ደግሞ ደፈር ብለዋል።

"ገበሬው አዲስ ነገር አይቀበልም" የሚለውን ወቀሳ ስሰማ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ማዳበሪያ በብድር የወሰደ ሰው ዝናቡ ቢቀርበትም ዕዳው አይቀርለትም። አዝመራው ከሰመረ ጥቂት ኩንታል ይጨምራል፤ ካልሰመረ በሬውን ይሸጣል። በሬ የሌለው ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት በምን ያርሳል?

ከጣና በስተ ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ሌላ ታሪክ አለው። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ሲገባ፣ የተዘራው ክረምት ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች በሚያጥለቀልቁት መሬት ላይ ነበር። በውሃው ጊዜ ሌላ እህል እንደ ልብ አይበቅልበትም፤ ስለዚህ ሩዙ ቢከሽፍ እንኳ ገበሬው የሚያጣው ትንሽ ነበር። ሥራው ቀስ ብሎ ቢጀምርም ዛሬ ፎገራ በሩዝ ይታወቃል፤ ወረታ ላይም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። በእኔ እምነት ለሌላው ገበሬም አዲስ ዘር ከማቅረብ በፊት፣ ዘሩ ቢከሽፍ ዕዳውን ማን እንደሚሸከም መወሰን ይገባል።