የዐረብ ቀስት፣ የፋርስ ቀስት፤ በመካከላቸው ያለው ሙጫ

ኢብኑ ማጀህ ከዐሊይ (ረ.ዐ.) በዘገቡት አንድ ሐዲሥ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የዐረብ ቀስት በእጃቸው ይዘው ሳለ የፋርስ ቀስት የያዘ ሰው አይተው ቀስቱን እንዲጥለው ማዘዛቸው ተወስቷል። የዘገባው ሰነድ ደካማ ነው፤ የሐዲሥ ሊቃውንትም ይህን አልሸሸጉም። ይሁን እንጂ ስለ ቀስት በተጻፉ ኪታቦች ውስጥ ዘገባው ሲያከራክር ኖሯል። በ751 ዓ.ሂ. የሞቱት ኢብኑል ቀይምም «አል‑ፉሩሲያ» በተሰኘው ሥራቸው ጉዳዩን አንሥተውታል። በደርስ ቤቶቻችን ዘገባው ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚብራራው ከባዕዳን ጋር መመሳሰልን ከመከልከል አንጻር ብቻ ነው። የመሣሪያውን አሠራር ለመረመረ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ገጽታም አለው። ሁለቱን ቀስቶች የሚለያቸው የባለቤቶቻቸው ዘር ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ በላይ የሚለያቸው ሙጫ ነው።

የሒጃዝ ሰው ቀስቱን የሚሠራው በተራራ ላይ ከሚበቅሉት ከነብዕ ወይም ከሸውሐጥ ዛፍ ነበር። አንድ ቅርንጫፍ ተጠርቦ ቀስት ይሆናል። የፋርሱ ቀስት ግን ንብብር ነው። መካከሉ እንጨት ነው፤ ወደ ቀስተኛው በሚዞረው ገጹ ላይ ቀንድ፣ በውጭው ገጹ ላይ ደግሞ ጅማት ይለጠፍበታል። ቀስቱ ሲሳብ ቀንዱ ይጨመቃል፣ ጅማቱ ይለጠጣል፤ እያንዳንዱ የሚችለውን ሸክም ብቻ ይሸከማል። ስለዚህም ከእንጨት ብቻ ከተሠራው አጥሮ እያለ ብዙ ኀይል ያከማቻል። በሲራ ኪታቦች እንደተተረከው፣ የአብረሃ ልጅ መስሩቅ በየመን የወደቀው በፋርሳዊው ወህረዝ ፍላጻ ነው፤ የወህረዝን ቀስት ከጥንካሬው የተነሣ ከባለቤቱ በቀር የሚወጥረው አልነበረም ይባላል። ዐረቦች ይህን መሣሪያ የሚያውቁት እንዲህ ባለ ዝና ነው።

በ1500 እ.ኤ.አ. ገደማ ስሙ ያልታወቀ ሞሮኳዊ ጸሐፊ በዐረብኛ ባዘጋጀው የቀስት ኪታብ፣ ንብብሩን ቀስት ከሰው አካል ጋር ያነጻጽራል። እንጨቱን በአጥንት፣ ቀንዱን በሥጋ፣ ጅማቱን በደም ሥር፣ ሙጫውን በደም ይመስላል። ምሳሌው ለጌጥ የተነገረ አይመስለኝም፤ ሙጫው ሲከዳ ሦስቱ ክፍሎች እርስ በርስ ተንሸራትተው ቀስቱ ይለያያልና።

ቀስት ሠሪው ሙጫውን ሲመርጥ በፊቱ ሁለት ዐይነት ነበረለት። አንደኛው ከከብት ጅማትና ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣው ነው። ሁለተኛው ከዓሣ የሚገኘው ሲሆን፣ በተለይ የሚወደደው በጥቁር ባሕርና በካስፒያን ባሕር እንዲሁም ወደ እነርሱ በሚፈስሱ ወንዞች ከሚኖረው ስተርጅን ከተባለው ትልቅ ዓሣ የአየር ከረጢት የሚሠራው ነው። የከብቱ ሙጫ ይበረታል፤ ነገር ግን ቶሎ ይረጋል፣ ሲደርቅም ይደድራል። የዓሣው ዘግይቶ ስለሚረጋ ለሠሪው ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከደረቀም በኋላ አብሮ ይተጣጠፋል። ሺህ ጊዜ ለሚጎብጥ ዕቃ ይህ ባሕርይ ትልቅ ነገር ነው። የዑሥማኒያ ቀስት ሠሪዎች ሁለቱን መቀላቀልን መርጠዋል። ሙጫው የሚቀልጠው በሞቀ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ሲሆን፣ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል፤ ከፈላ የመያዝ ኀይሉ ይሞታል። ቀንዱና እንጨቱ በጥርሳም መፋቂያ ትይዩ ቦይ ይወጣላቸዋል፤ ሙጫው የሚይዝበት ገጽ እንዲሰፋ ነው። ከዚያ በገመድ ጠብቀው ይታሰራሉ። ከመጀመሪያው እንጨት እስከ መጨረሻው መወጠር ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይ ይፈጃል። ይህን ዕውቀት ሙስጠፋ ካኒ በሡልጣን ማሕሙድ 2ኛ ትእዛዝ አሰባስበውታል፤ መጽሐፋቸውም በ1847 እ.ኤ.አ. በኢስታንቡል ታትሟል።

ሙጫው የጠሃራ ጥያቄም አለው። ተዋጊ ቀስቱን በትከሻው አንግቦ ይሰግዳልና። ራሳቸው የታወቁ ቀስተኛ የነበሩት ኢማም ሻፍዒይ በ«አል‑ኡም» ቀስት አንግቦ መስገድን ፈቅደዋል፤ እየተንቀሳቀሰ የሰጋጁን ልብ የሚሰርቅ ከሆነ ግን ጠልተውታል። የቀስተኛውን የጣት ቆዳም በሚመለከት ቆዳው ከታረደ እንስሳ የመጣ ወይም የለፋ መሆኑን ጠይቀዋል። በመዝሀባቸው የበክት ቀንድና ጅማት ነጃሳ ነው፤ ያልለፋ የበክት ቆዳ በመቀቀሉ ብቻ ጠሃራ አይሆንም። ሐነፊዮች ግን የበክትን ቀንድና አጥንት ንጹሕ ያደርጋሉ፤ ስለ ጅማቱ ሁለት አባባል አላቸው፤ የአንድ ነገር ባሕርይ ፈጽሞ ሲለወጥ ሑክሙም እንደሚለወጥ ይቀበላሉ። ሁለቱም መዝሀቦች በሚኖሩባት በአገራችን ይህ ልዩነት ያለፈ ታሪክ አይደለም፤ ዛሬ ስለ መድኀኒት ሽፋን ኢማሞች የሚጠየቁበት ጀላቲን ከዚሁ ከቆዳና ከአጥንት ሙጫ ጋር አንድ ነገር ነው፤ ከእርሱ የተጣራ በመሆኑ ብቻ ይለያል። የዓሣ ሙጫ በአንጻሩ ይህ ክርክር አያገኘውም፤ የዓሣ በክት ንጹሕ ነውና። ሠሪዎቹ የመረጡት ስለሚተጣጠፍ ነው፤ ሰጋጁ ግን አብሮ ዐርፏል።

ወደ መነሻው ዘገባ ስንመለስ፣ ኢማም ሻፍዒይ በዚያው ኪታብ የፋርስ ቀስት የያዙ ከዐረብ ቀስት ባለቤቶች ጋር እንዲወዳደሩ መፍቀዳቸውን እናገኛለን፤ ምክንያታቸውም ሁሉም ቀስት መሆኑ ነው። ጠይቡጋ የተባለው የመምሉክ ቀስተኛ በ1368 እ.ኤ.አ. ገደማ ለተማሪዎች ሲጽፍ ንብብሩ ቀስት የግብጽና የሻም ሠራዊት የዘወትር መሣሪያ ሆኖ ነበር። ይህን ያመጣው የቀስቱ ኀይል እንጂ የፋርስ ፍቅር አይደለም።

ንብብሩ ቀስት ግን በሁሉም አገር አልሰመረለትም። የእንስሳ ሙጫ ውሃ ይጠጣል፤ ሙቀትና እርጥበት በአንድነት ሲያገኙት ይላላል። እንደ ጂዳ ባለ የባሕር ዳርቻ አንድ ወጥ እንጨት ይዞ የሚወጣን ቀስተኛ ኋላ ቀር ማለት አግባብ አይመስለኝም፤ ቀስቱ ኀይሉ ቢያንስም አይፈታበትም። በሕንድ የሙስሊም ነገሥታት ግዛት ደግሞ ዝናባማው ወቅት ንብብሩን ሲያበላሽባቸው ሠሪዎቹ ቀስቱን ሙሉ በሙሉ ከብረት ሠርተውታል። ፍላጻውን የሚሰድደው ከቀንዱ ቀስት ባነሰ ፍጥነት ነው፤ ነገር ግን በጦር ግምጃ ቤት ዓመታት ተቀምጦ ሲፈለግ ወዲያው ይወጠራል፤ ሙጫ የለበትም።