ሳይሞቅ የሚጠፋ ሞተር

የ1960ዎቹን ወይም የ1970ዎቹን መርሴዲስ ናፍጣ የሚነዳ ሰው ቁልፉን አዙሮ ወዲያው አይነሳም ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ እጀታ ሳብ ያደርግና ወንፊት ከመሰለች ክዳን ሥር ያለችው፣ የሞተሩን መሞቅ የምታሳየው ጥቅልል ሽቦ እንደ ከሰል ፍም እስክትቀላ ዓይኑን ተክሎ ይጠብቃል። በብርድ ጠዋት ይህ ጥበቃ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ጀርመኖች እያሾፉ «የሩዶልፍ ዲዝል የኅሊና ጸሎት» ብለው ሰየሙት።

ዳቦ ለመግዛት ሁለት ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ያቺ ደቂቃ ታንገበግባለች። ከሙኒክ ሐምቡርግ ለሚወርድ ግን ከቁም ነገር አትገባም። ናፍጣ የቤት መኪና ለማን እንደተሠራ ለማወቅ ከዚያች ደቂቃ መነሳት ይበቃል።

የናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። አየርን አጥብቆ ይጨምቃል፤ አየሩ ከ500 ዲግሪ በላይ ሲግል የሚረጭበት ናፍጣ በራሱ ጊዜ ይቀጣጠላል። ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አውግስቡርግ ላይ ያስመሰከረው ሞተር ከነዳጁ ጉልበት 26 በመቶውን ወደ ሥራ ቀይሯል፤ በዘመኑ የእንፋሎት ሞተር ወደዚያ አልደረሰም። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ በጎነቱ ነው። የሚያባክነው ሙቀት ትንሽ ስለሆነ ራሱን ቶሎ አያሞቅም። ግፊቱን እንዲችል ብረቱ ወፍራም ነው፤ ወፍራም ብረት ደግሞ እንደ ድግስ ድስት ነው፤ እስኪግል ጊዜ ይፈልጋል።

ስለዚህ ናፍጣ መጀመሪያ የገባው ወደ መርከብ፣ ወደ ፋብሪካ፣ ኋላም ወደ ከባድ መኪና ነበር። ወደ ቤት መኪና የመጣው በታክሲ በኩል ነው። በየካቲት 1936 በርሊን የመኪና ትርኢት ላይ የቀረበው መርሴዲስ-ቤንዝ 260 ዲ ጉልበቱ 45 ፈረስ ብቻ ነበር። ስድስት ሰው ይጭናል፤ ለ100 ኪሎ ሜትር ግን ከ10 ሊትር ያነሰ ይበላዋል፤ የቤንዚን አቻው ወደ 13 ይጠጣ ነበር። እስከ 1940 የተሠሩት 2,000 አይሞሉም። ባለታክሲዎቹ ግን ወደዱት።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቅ ይገባል፦ ታክሲስ ቀኑን ሙሉ የሚሄደው አጭር መንገድ አይደለም ወይ? ነው። ከባቡር ጣቢያ ሆቴል፣ ከሆቴል ሐኪም ቤት። ልዩነቱ ሞተሩ ጠዋት ከሞቀ በኋላ እስከ ማታ የማይቀዘቅዝ መሆኑ ነው። ለንደን ከ1958 ጀምሮ በናፍጣ የሮጠው ኦስቲን ኤፍ ኤክስ 4፣ ያ ጥቁር ታክሲ፣ ዕድሜውን የጨረሰው በጠባብ የከተማ መንገድ ላይ ነው፤ ሞዴሉም እስከ 1997 ሲመረት ኖሯል። እንግዲያው ናፍጣን የሚጎዳው የመንገዱ ማጠር ብቻ ሳይሆን ሳይሞቁ ማጥፋት፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ እንደገና ማስነሳት ነው።

ለኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ናፍጣ የሚለውን ቃል ራሱን ያገኘነው ከጣሊያንኛ ነው፤ ካንዴላና ማርሚታም እንዲሁ። ብዙ ሰው ናፍጣን የሚያስታውሰው በፊያት «ኤንትሬ» ነው፤ ተሳቢ እየጎተተ ቀንና ሌሊት በሚጓዝ ከባድ መኪና። ኤንትሬ አስነስቶ ሽንኩርት ሊገዛ የወጣ ሰው አልተሰማም።

አውሮፓ ውስጥ ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ናፍጣ ለሽንኩርት ግዢም ይነሳ ጀመር፤ ያመጣውም ግብር ነው። ናፍጣ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያነሰ ስለሆነ መንግሥታት ለአየር ንብረት ሲሉ አደፋፈሩት። ብሪታንያ በ2001 የመኪና ዓመታዊ ግብርን በዚሁ ጋዝ መጠን መተመን ጀመረች። በ2000 ከ100 አዲስ መኪና 14ቱ ብቻ ናፍጣ ነበሩ፤ በ2012 ከግማሽ አለፉ። ነዳጁ ራሱ በግብር ተደጉሞ በረከሰባት ፈረንሳይ በዚያው ዓመት ከ10 አዲስ መኪና 7ቱ ናፍጣ ነበሩ። ጡረተኛው፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የምታመላልሰው እናት፣ ሁሉም ገዛ። ሻጩ የሊትሩን ቁጠባ አስልቶ ሲያሳይ በዓመት ስንት ኪሎ ሜትር ይነዳሉ ብሎ መጠየቅ ይቀለው ነበር፤ ብዙዎቹ ግን አልጠየቁም።

ያኔ ማጣሪያው መጣ። የድሮ ናፍጣ ቀዝቃዛ ሲሆን ጥቀርሻውን በማርሚታው መንገድ ላይ ይተፋዋል፤ ዕዳውን የሚከፍለው የአላፊ አግዳሚው ሳንባ ነው። ፔዦ በ2000 በ607 ሞዴሉ ላይ የጥቀርሻ ማጣሪያ ገጠመ፤ ከ2009 ጀምሮ የአውሮፓ ሕግ ለአዲስ ሞዴሎች ሁሉ የማይቀር አደረገው። ማጣሪያው የማር እንጀራ የመሰለ ሸክላ ነው። ጥቀርሻውን ያጠራቅምና ሲሞላ ወደ 600 ዲግሪ ግሎ ያቃጥለዋል። ለዚህም ኮምፒውተሩ ትርፍ ናፍጣ ይረጫል፤ ሥራው አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል መንዳት ይጠይቃል።

ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚያቆም ሰው ይህን መሐል ላይ ይቆርጠዋል። ነገ ይጀመራል፤ ነገም ይቆረጣል። ያልተቃጠለው ትርፍ ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ተከትሎ ዘይት ውስጥ ይወርዳል። ባለመኪናው የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ በጨርቅ ጠርጎ መልሶ ሲነክረው ዘይቱ ካለፈው ወር ከፍ ብሎ ያገኘዋል። ዕድሜውን ሁሉ ዘይት ሲጎድል ያየ ሰው ሲጨምር ቢያይ ደስ ይለው ይሆናል፤ ቢያሸተው ግን ናፍጣ ናፍጣ ይላል። የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይጠብቅም። ቀጥሎ ብርቱካናማዋ መብራት ትበራለች፤ ከዚያም ሞተሩ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የጋራዥ ሒሳብ ነው።

አንዳንዶች ማጣሪያውን አስወልቀው ተገላገሉ። ብሪታንያ ከየካቲት 2014 ጀምሮ በዓመታዊው ምርመራ ላይ ማጣሪያው የጎደለ መኪና እንዳያልፍ ደነገገች። በ2015 የፈነዳው የፎልክስዋገን የጭስ ምርመራ ማጭበርበር ቅሌት ሌላ ታሪክ ነው፤ ለዚህ ጸሐፊ ግን ናፍጣን ከቤት መኪናነት ካስወጡት መሐል ቅሌቱ ዘግይቶ የመጣ ነው። የጧት ቅዝቃዜና የሦስት ኪሎ ሜትር መንገድ ቀድመውት ሥራ ላይ ነበሩ።

በቀን አምስት ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ናፍጣ መግዛት የለበትም፤ የገዛም ቢያንስ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት አውራ ጎዳና ላይ ያውጣት፤ ዘይቷንም ይይላት። ይህን ለመማር ፋብሪካዎቹም ጊዜ ወስዶባቸዋል። ለከተማ መሐል ተብሎ የተሠራው፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዘው ስማርት በ1999 ባለ 799 ሲሲ ናፍጣ ሞተር ተገጥሞለት ነበር። በ2014 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ናፍጣ አልነበረውም።