የጁዋ ካሊ ብልኀትና የማይታየው ብርሃን

በናይሮቢ ከተማ፥ በካሙኩንጂና በጊኮምባ፥ አሮጌ በርሚል እየቀጠቀጡ ምድጃና ሣጥን የሚሠሩ የእጅ ጥበብ ሰዎች «ጁዋ ካሊ» ይባላሉ። ትርጓሜው በስዋሂሊ ቋንቋ «ብርቱ ፀሐይ» ማለት ሲሆን፥ መጠለያ አጥተው በጠራራ ፀሐይ ይሠሩ ስለ ነበር ስሙ ከዚያ ወጣላቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1972 ዓ.ም. የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ ኬንያ ባወጣው መግለጫ፥ ቀድሞ የተናቀው ይህን የመሰለ ሥራ የብዙ ሕዝብ እንጀራ መሆኑን አስታወቀ።

ፀሐይ ግን ለጥበብ ሰው ሸክም ብቻ አይደለችም፤ መሣሪያም ትሆናለች። ለዚህም በ1971 ዓ.ም. ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው፥ ዶቭ ፍሮማን የፈለሰፈው የማስታወሻ ቺፕ ምስክር ነው። በዚህ ቺፕ ጽሕፈቱ የሚጠበቀው ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ሽፋን ውስጥ በታሰሩ ኤሌክትሮኖች ነው። አልትራቫዮሌት የተባለው የማይታይ ጨረር በኳርትዝ መስኮቱ ሲገባ እነዚህ እስረኞች ይፈታሉ፤ ጽሕፈቱም ተደምስሶ ቺፑ እንደ ገና ይጻፍበታል።

ለዚህ የተሠራው መብራት የጨረሩ ሞገድ ርዝመት 253.7 ናኖሜትር ሲሆን፥ ሥራውን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጽማል። መሣሪያው የተወደደባቸው ሰዎች ግን በየአገሩ ሌላ ዘዴ ፈለጉ። አንዳንዱ ተሐዋስያን የሚገደሉበትን መብራት ተጠቀመ፤ ሞገዱ አንድ ነውና ተሳካለት። አንዳንዱ የመንገድ ሜርኩሪ አምፑል የውጭ ብርጭቆ ሰበረ። ሁሉም የቸገረው ደግሞ ቺፑን ፀሐይ ላይ አሰጣው፤ በአምራቾቹ ግምት ይህ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጅ ነበር። ከምድር ወገብ አጠገብ፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ እንደምትገኘው እንደ ናይሮቢ ባለ ከተማ ይህ ጨረር ብርቱ ነው።

ሆኖም ያው ጨረር ዓይንንና ቆዳን ያቃጥላል። ስለማይታይ አያስጠነቅቅም፤ የዓይኑም ሕመም የሚሰማው ከሰዓታት በኋላ ነው። የአምፑሉ ብርጭቆ የተሠራው አምፑሉን ለመሸፈን ብቻ ሳይሆን ጨረሩን ለማገድም ነበር፤ ይህን ሳያውቅ የሰበረ ሰው ጋሻውን በገዛ እጁ ጣለ። ችግር ብልኀትን ያስተምራል፤ መጠንንና መከለያን ግን የሚያስተምረው መምህር ነው።

ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚደመሰሱ ቺፖች የቀድሞውን ስለ ተኩ መስኮቱም መብራቱም ብርቅ ሆነዋል። ፍሮማን ግን ከፈጠራው በኋላ ወደ አፍሪቃ መጥቶ በጋና፥ በኩማሲ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ዕውቀት ብልኀት ወዳለበት ሊሄድ እንደሚገባ ይህ መልካም ምሳሌ ነው።