አርቪድ ካርልሶን

አርቪድ ካርልሶን (ጃንዋሪ 25 ቀን 1923 – ጁን 29 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.) ስዊድናዊ ሐኪምና የፋርማኮሎጂ ፕሮፌሰር ነበሩ። ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል በአንጎል ውስጥ ራሱን የቻለ መልእክት አስተላላፊ መሆኑንና የሰውነት እንቅስቃሴ በእሱ ላይ እንደሚመሠረት ያሳዩ ሳይንቲስት ናቸው። ሥራቸው ዛሬም ለፓርኪንሰን በሽታ ዋናው መድኃኒት ለሆነው ለሌቮዶፓ መንገድ ከፍቷል። በ2000 ከፖል ግሪንጋርድና ከኤሪክ ካንደል ጋር የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ተጋርተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትምህርትና የመጀመሪያ ዓመታት

ካርልሶን የተወለዱት በኡፕሳላ ከተማ ነው። አባታቸው የታሪክ ምሁር ነበሩ፤ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው ሲሾሙ ቤተሰቡ ወደዚያ ተዛወረ። ካርልሶን በ1941 በሉንድ ሕክምና መማር ጀመሩ፤ በ1951 ደግሞ ካልሲየም በሰውነት ውስጥ ስላለው ሂደት ባደረጉት ጥናት የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ከዚያ በኋላ ለአንድ የማስተማር ቦታ ቢያመለክቱም አልተመረጡም፤ የካልሲየም ጥናት ለፋርማኮሎጂ ማዕከላዊ አይደለም የሚል ምክንያት ተሰጣቸው። ይህ ውሳኔ የጥናት መስካቸውን እንዲቀይሩ አደረጋቸው።

በ1955 ወደ አሜሪካ ሄደው በቤቴስዳ በሚገኘው ብሔራዊ የጤና ተቋም፣ በበርናርድ ብሮዲ ቤተ ሙከራ ለጥቂት ወራት ሠሩ። የብሮዲ ቡድን በዚያን ጊዜ ሬዘርፒን የተባለው መድኃኒት ሴሮቶኒንን ከሰውነት ክምችቱ እንደሚያሟጥጥ ደርሶበት ነበር። ሬዘርፒን ከአንድ የሕንድ መድኃኒት ተክል የሚወጣ ሲሆን ለደም ግፊትና ለአእምሮ ሕመም ይታዘዝ ነበር። ካርልሶን ጥያቄው በሴሮቶኒን ብቻ የሚያበቃ አልመሰላቸውም። ወደ ሉንድ ተመልሰው ከኒልስ-ኦከ ሂላርፕ ጋር ሲመረምሩ መድኃኒቱ አድሬናሊንንና ኖርአድሬናሊንንም እንደሚያሟጥጥ አገኙ።

የጥንቸሎቹ ሙከራ

ሬዘርፒን የተወጉ ጥንቸሎች ጆሯቸው ወድቆ፣ አካላቸው ደንዝዞ፣ ካሉበት ሳይነቃነቁ ይቀራሉ። ካርልሶን፣ ማርጊት ሊንድቅቪስትና ቶር ማግኑሶን የጎደለውን መልሰው ለመስጠት አሰቡ። ኖርአድሬናሊን ራሱ ከደም ወደ አንጎል ስለማያልፍ፣ ሰውነት ኖርአድሬናሊንን የሚሠራበትን ዶፓ የተባለ አሚኖ አሲድ ወጓቸው። ጥንቸሎቹ በ15 ደቂቃ አካባቢ ውስጥ ጆሯቸውን አቁመው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ውጤቱ በ1957 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ታተመ።

የምርምሩ እውነተኛ ፍሬ ግን የመጣው ቀጥሎ ከተነሣ ጥያቄ ነው። ጥንቸሎቹ ከነቁ በኋላ አንጎላቸው ሲመረመር ኖርአድሬናሊኑ አልተመለሰም። ታዲያ ያነቃቸው ምንድን ነው? ሰውነት ዶፓን ወደ ኖርአድሬናሊን ሲቀይር በመሐል ዶፓሚን ይፈጠራል። እስከዚያ ድረስ ብዙዎቹ ሊቃውንት ዶፓሚንን የሚቆጥሩት እንደ መሸጋገሪያ ብቻ ነበር፤ የራሱ ሥራ ይኖረዋል ብለው አላሰቡም። የካርልሶን ቡድን በጣም ጥቂት ዶፓሚንን እንኳ መለካት የሚያስችል ዘዴ አዘጋጅቶ በ1958 ውጤቱን አሳወቀ፦ ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ አለ፤ ሬዘርፒን ያሟጥጠዋል፤ ዶፓ ሲሰጥ ይመለሳል። በአንጎል ውስጥ መኖሩን ካትሊን ሞንታጉም በእንግሊዝ ቀደም ብላ አሳይታ ነበር፤ የካርልሶን ድርሻ ኬሚካሉን ከሥራው ጋር ማገናኘታቸው ነው።

ተማሪዎቻቸው ኦከ በርትለርና ኤቫልድ ሮዘንግሬን በ1959 አንድ ነገር ጨመሩ። አብዛኛው ዶፓሚን የሚገኘው እንቅስቃሴን በሚቆጣጠረው፣ ስትራያተም በተባለው የአንጎል ውስጠኛ ክፍል ነው። ሬዘርፒን የሚወስዱ ሰዎች የፓርኪንሰን ሕመምተኞችን የሚመስል መንቀጥቀጥና የጡንቻ መገተር እንደሚያሳዩ ሐኪሞች አስቀድመው ያውቁ ነበር። ስለዚህ ካርልሶን የፓርኪንሰን በሽታ ከዶፓሚን እጥረት ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ሐሳብ አቀረቡ።

የለንደኑ ጉባኤ

በ1960 በለንደን በተደረገ የሊቃውንት ጉባኤ ላይ ሐሳቡ ቀዝቃዛ አቀባበል ገጠመው። በዚያን ዘመን የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ የሚግባቡት በኤሌክትሪክ ነው ወይስ በኬሚካል የሚለው ክርክር ገና አልተዘጋም ነበር። በጉባኤው ከተገኙት አንዱ የኖቤል ተሸላሚው ሰር ሄንሪ ዴል ነበሩ፤ ካርልሶን በኋላ እንዳስታወሱት ዴል ዶፓን መርዝ ነው እስከ ማለት ደርሰዋል። ዴል ራሳቸው ነርቮች ከአንጎል ውጭ በኬሚካል እንደሚግባቡ በማሳየት የተሸለሙ ሰው ስለነበሩ ነገሩ ያስገርማል።

ጥርጣሬው የረገበው በዓይን በሚታይ ማስረጃ ነው። ቤንግት ፋልክና ሂላርፕ አድርቀው ያዘጋጁትን የአንጎል ቁራጭ ለፎርማልዴሃይድ ትነት በማጋለጥ፣ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ያላቸው ነርቮች በማይክሮስኮፕ ሥር አረንጓዴ፣ ሴሮቶኒን ያላቸው ደግሞ ቢጫ ሆነው እንዲያበሩ አደረጉ። ኬሚካሎቹ በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ መኖራቸው ከዚያ በኋላ የሚካድ አልሆነም።

ከቤተ ሙከራ ወደ ሕመምተኛ

ካርልሶን ሕመምተኞችን በሌቮዶፓ አላከሙም፤ ይህን ሥራ የጀመሩት ሌሎች ናቸው። በቪየና ኦሌህ ሆርኒኪየቪችና ሄርበርት ኤሪንገር በፓርኪንሰን በሽታ የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው ዶፓሚኑ በስትራያተም ክፉኛ መጉደሉን በ1960 አሳወቁ። በቀጣዩ ዓመት ሆርኒኪየቪችና ሐኪሙ ቫልተር ቢርክማየር ሌቮዶፓን ለሕመምተኞች በደም ሥር ሰጥተው ለጥቂት ሰዓታት የቆየ መሻሻል አዩ። በ1967 ደግሞ ጆርጅ ኮትዚያስ በኒው ዮርክ መድኃኒቱን በአፍ፣ መጠኑን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጉ በመስጠት ዘላቂ ውጤት አገኙ።

የ2000ው ሽልማት ሲታወጅ ሆርኒኪየቪች አለመካተታቸው ብዙዎችን አስቆጣ፤ ከ200 በላይ የሙያው ሰዎች በግልጽ ደብዳቤ ተቃውሟቸውን አሰሙ። የካርልሶንን መሸለም የተቃወመ አልነበረም፤ ሆኖም የሰው አንጎል ላይ የተገኘው ማስረጃ ባይኖር ኖሮ የጥንቸሎቹ ሙከራ መድኃኒት እስኪወልድ ብዙ ዓመት ሊፈጅ ይችል ነበር።

ሌቮዶፓ አዲስ የተሠራ ንጥረ ነገር አለመሆኑም ልብ ይሏል። ማርከስ ጉገንሃይም በ1913 በስዊዘርላንድ ለይተው ያወጡት ከባቄላ ነው፤ በራሳቸው ላይ ሞክረውት አስመልሷቸዋል። ይሁንና የሌቮዶፓው መጠን ከባቄላ ባቄላ ስለሚለያይ ባቄላ መብላት መድኃኒቱን አይተካም። በአሁኑ ጊዜ ሌቮዶፓ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ከካርቢዶፓ ወይም ከቤንሰራዚድ ጋር ተቀላቅሎ ነው። እነዚህ ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ በፊት ወደ ዶፓሚን እንዳይለወጥ ስለሚከለክሉ የሚያስፈልገው መጠን ይቀንሳል፤ ማቅለሽለሹም ይቀልላል። የሌቮዶፓና የካርቢዶፓ ቅልቅል በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

መድኃኒቱ የጎደለውን ዶፓሚን ይተካል እንጂ የነርቭ ሕዋሳቱን መሞት አያቆምም። ዓመታት ሲያልፉ የአንድ መጠን ኃይል የሚቆይበት ጊዜ እያጠረ ይመጣል፤ ብዙ ሕመምተኞች ላይም ያለፈቃድ የሚመጣ የሰውነት መወራጨት ይታያል።

በጎተንበርግ

ካርልሶን በ1959 በጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ የፋርማኮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነው እስከ 1989 ድረስ በዚያ አስተማሩ። በዙሪያቸው የተሰባሰቡት ወጣት ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም ኒልስ-ኤሪክ አንዴን፣ ከተማዋን ከዓለም የአንጎል መድኃኒት ጥናት ማዕከላት አንዷ አደረጓት። አብረዋቸው የሠሩትን ሰዎች ስም በጽሑፎቻቸው ላይ ማስፈር ልማዳቸው ነበር። ሊንድቅቪስት የ1957ቱን ብቻ ሳይሆን የ1963ቱንም ጥናት ከእሳቸው ጋር ጽፋለች። ይህ ሁለተኛው ጥናት ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል የሚሠሩት የአንጎል ተቀባዮችን በመዝጋት ሳይሆን እንዳልቀረ ያመለከተ ሲሆን፣ ስለ ስኪዞፍሬንያ የሚሰጠውን ማብራሪያ ለብዙ ዓመታት መርቷል።

ሁሉም ሥራቸው ግን አልሰመረም። ለድብርት ሕክምና እንዲውል ያገዙት ዚሜሊዲን፣ ሴሮቶኒን ተመልሶ እንዳይወሰድ ከሚያደርጉት መድኃኒቶች የመጀመሪያው ሆኖ በ1982 ገበያ ላይ ዋለ። በአንዳንድ ተጠቃሚዎች ላይ ጊያን-ባሬ የተባለ የነርቭ ሕመም በመታየቱ በ1983 ተነሣ፤ መንገዱን ተከትለው የመጡት እንደ ፍሉኦክሴቲን ያሉት ግን በዓለም ተሠራጩ። ካርልሶን የመጠጥ ውኃ ላይ ፍሎራይድ መጨመርንም በአገራቸው አጥብቀው ተቃውመዋል።

ጡረታ ከወጡም በኋላ ምርምር አላቆሙም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያተኮሩት ዶፓሚን ሲበዛ የሚቀንሱ፣ ሲያንስ የሚያግዙ «አረጋጊ» ውህዶች ላይ ነበር። በ95 ዓመታቸው አረፉ።