ከቴሌቪዥን ራስ ወደ ሕፃን እቅፍ

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ የአዲስ አበባ የእጅ ሥራ ታሪክ የተዘረጋበት ዳገት ነው። ከሥር ደርግ ስሙን ለውጦ የካቲት 12 ያለው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት አለ። የአሜሪካ ኤምባሲ ሲታለፍ ጥለቱን በየሱቁ ደጃፍ የሰቀለው ሽሮ ሜዳ ይመጣል። ከዚያ በላይ፣ ባሕር ዛፉ መሽተት ሲጀምር፣ ቁስቋም ነው።

በዚህ ዳገት ላይ ስም ያለው ሸማኔው ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከትተው መወርወሪያ ሲያመላልሱ ስንት ጊዜ ፎቶ ተነሥተዋል፤ ስንት ጊዜስ ተጽፎላቸዋል። ይገባቸዋል። ነገር ግን በዚያው ሰፈር፣ የቤት ሥራዋን ጨርሳ መደብ ላይ አረፍ ስትል አንዲት ቀጭን ብረት አንሥታ ክር በክር የምትቆልፈው ሴት ከዚያ ጽሑፍ ውስጥ ድርሻዋ እጅግ ትንሽ ነው። እርሷ ለጠረጴዛና ለሶፋ ስትሠራው የኖረችው ኪሮሽ ዛሬ በልጆቿና በልጅ ልጆቿ እጅ ጥንቸል፣ ድብና ዝሆን እየሆነ ወጥቷል። ይህ መንገድ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ መከታተል ተገቢ ነው።

ቁስቋም የሚለው ስም ሩቅ አገር ያደርሳል። እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ በስደት ካረፈችባቸው ቦታዎች አንዱ በግብፅ የሚገኘው ደብረ ቁስቋም ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ጎንደር ላይ ደብርና ቤተ መንግሥት ያሠሩበት ቦታም ስሙን ከዚያ ወርሷል። በዚህ ዳገት ላይ ያለው የጉለሌው ቁስቋምም እንደዚያው። በየዓመቱ ኅዳር 6 በዓሉ ሲከበር፣ ከሽሮ ሜዳ የተገዛው ነጭ ልብስ ሁሉ ዳገቱን ይወጣል።

ኪሮሽ ከመምጣቱ በፊት የደጋው ሴት እጅ ሁለት ታላላቅ ሙያዎች ነበሩት። አንዱ ፈትል ነው። ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፣ በልቃቂት ይጠቀለላል፣ ከዚያ ወደ ሸማኔው ይሄዳል፤ መፍተሉ የሴት፣ መሸመኑ የወንድ ነበር። ሁለተኛው ስፌት ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። መሶብም ሆነ ሙዳይ ከመሐል ተነሥቶ ዙሪያውን እየዞረ ያድጋል። ስፌተኛዋ በወስፌ እየወጋች አለላውን ታስገባለች። ዙሩን እያሰፋች ከሄደች ሥራው ጠፍጣፋ ሆኖ ይዘረጋል፤ ማስፋቱን ካቆመች ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከቀነሰች ደግሞ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። የቀረጻ ዕውቀት ነው፤ ማንም ሳይጽፈው ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ። በኪሮሽ የሚሠራው አሻንጉሊት የሚታዘዘው ለዚሁ ሕግ ስለሆነ፣ አዲስ የሚመስለው ሙያ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ያገኘው እጅ የተዘጋጀ እጅ ነበር ብንል ስሕተት አይሆንም።

ኪሮሽ ራሱ ያን ያህል ያረጀ ሙያ አይደለም። ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 የድንች በሽታ አየርላንድን ታላቅ ረኃብ ውስጥ ሲከታት፣ መነኮሳዪያትና በጎ አድራጊ ሴቶች ለድሃ ቤተሰቦች የኪሮሽ ዳንቴል አስተማሩ። የተሠራው ለሀብታሞች እየተሸጠ ብዙ ቤት ከረኃብ ተረፈበት። እንዲህ ያለ መከራ ውስጥ ኪሮሽ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሽመና ዕቃ አይጠይቅም፣ ሰፊ ቤት አይጠይቅም፣ አንድ መቆለፊያና አንድ ክር ይበቃዋል። ሕፃን ያለቀሰ እንደሆነ ሥራው ይቀመጣል፤ ሕፃኑ ሲተኛ ከቆመበት ይቀጥላል።

ወደ እኛ የመጣው በፈረንሳይኛ በር ነው፤ ዳንቴልም ኪሮሽም የፈረንሳይኛ ቃላት መሆናቸው ለዚህ ምስክር ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭ ሸቀጥ ወደ ከተማዋ የሚገባበት ጎዳና ሰፋ። ከሸቀጡ ጋር ሰዎችም መጡ፤ ከሰዎቹ ጋር ሙያቸው። የካቶሊክ ደናግልና የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ልጃገረዶችን ሲያስተምሩ ከንባብ ጎን የመርፌ ሥራ ያስቀምጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤትም የመጀመሪያዋ ኃላፊ ፈረንሳዊት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሙያው መምህር አላስፈለገውም። አንዷ ከትምህርት ቤት ይዛው ትመጣለች፤ ጎረቤቷ አጠገቧ ተቀምጣ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች፤ በሳምንቱ ሦስተኛዋ ናሙናውን ትዋሳለች።

የዳንቴል ዘመን የሚባል ዘመን በእርግጥ ነበረ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ መሣሪያው ቀስ በቀስ ከሀብታሙ ወደ መካከለኛው ቤት ሲወርድ አንድም ራቁቱን የቆመ አልነበረም። ነጭ ዳንቴል ከላይ ተዘርግቶለት፣ ጫፉ ወደ መስታወቱ ወረድ ብሎ፣ መሐሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ወይም የቤተሰብ ፎቶ ይቀመጥበታል። ሬዲዮውም እንዲሁ። የሶፋው ራስና ክንድ፣ ቡፌው፣ ፍሪጁ፣ የአልጋው ዳር ሁሉ የየራሱ ዳንቴል ነበረው። ለበዓል ይታጠባል፣ በስታርች ይደርቃል፣ ተወጥሮ ይሰጣል። ዕቃውን ከአቧራ ይጠብቃል። እንግዳውም ገብቶ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ነው፤ ከዚያም ማን እንደሠራው ይጠይቃል። ለጋብቻ የደረሰች ልጅ ሙያዋ ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር፤ ብዙዎቹም ወደ ትዳር ሲሄዱ ለዓመታት የሠሩትን በሻንጣ ይዘው ሄደዋል። ያ ሁሉ ሥራ ደመወዝ አልተከፈለበትም፤ በሙያ መዝገብ ላይም አልሰፈረም። የከተማዋ የቤት ውስጥ ውበት ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት የቆመው በእርሱ ላይ ነው።

ከሳሎን ውጭም መንገድ ነበረው። በደርግ ዘመን እስር ቤቶች ውስጥ ሴቶችም ወንዶችም ሹራብና ኪሮሽ ይሠሩ ነበር፤ ለጠያቂ ቤተሰብ ስጦታ፣ ለአንዳንዱም መተዳደሪያ ሆኖ። በዶክተር ካትሪንና በዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ታካሚዎችም፣ ከልዩ ልዩ አገር በጎ ፈቃደኞች በእጃቸው ሠርተው የላኩትን፣ ከባለቀለም አራት ማዕዘኖች የተጋጠመ የሹራብ ክር ብርድ ልብስ ለብሰው ይታወቃሉ። ሞቃት ክር ለታመመ ሰው ምን እንደሚያደርግ ያንን ግቢ ያየ ሰው አይስተውም።

ከዚያ ዳንቴሉ ቦታውን አጣ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ሲከፈት በማሽን የተሠራ ርካሽ ጨርቅና የፕላስቲክ ምንጣፍ መርካቶን ሞላው። የመጨረሻውን ያደረገው ግን ራሱ ቴሌቪዥኑ ነው። መሣሪያው ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ዳንቴል የሚነጠፍበት ራስ አልቀረውም። በብዙ ቤት የእናት ሥራ ታጥፎ ቁም ሣጥን ገባ።

ኪሮሹ ግን አልተቀመጠም፤ ወደ ልጆች ዞረ።

ለኢትዮጵያ ልጅ መጫወቻ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ራሱ ነበር። እረኛው ከጭቃ በሬና ላም ይጠፈጥፋል፤ ልጅቷ በእንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልላ ሕፃን ታደርገዋለች፤ የአዲስ አበባ ልጅ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ብጣሽ ጨርቅ ጠቅጥቆ ኳስ ይሠራል። ከቁስቋም በታች፣ በስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ስብስቡን ያደራጀው በሰው ልጅ የዕድሜ ጉዞ ሲሆን፣ ልጅነትና ጨዋታው ራሱን የቻለ ቦታ ይዟል። በሌላው ዓለም ለስላሳ እንስሳ የፋብሪካ ዕቃ የሆነው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ማርጋሬት ሽታይፍ የተባለችው ጀርመናዊት ልብስ ሰፊ እ.ኤ.አ. በ1880 መርፌ መሰኪያ እንዲሆን የሠራችው ትንሽ ዝሆን ሕፃናት ስለወደዱት አሻንጉሊት ሆኖ ቀረ፤ ድቡ የተከተለው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። በኪሮሽ የሚሠሩትን ትናንሽ እንስሳት ደግሞ ጃፓኖች አሚጉሩሚ ብለው አሳመሯቸው፤ ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህም በኢንተርኔት ዓለምን አዳረሱ። አዲስ አበባ የደረሱትም በስልክ ነው። ዛሬ ወጣት ሴቶች ከቪዲዮ ተምረው ይሠራሉ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ያሳያሉ፣ ለእንቁጣጣሽና ለገና በሚዘጋጁ ባዛሮች ላይ ይዘው ይቀርባሉ። ብዙዎቹ አያታቸው መቆለፊያውን እንዴት እንደምትይዝ እያዩ ያደጉ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክሩ በጣት ላይ ተጠቅልሎ ቀለበት ይሆናል፤ በቀለበቱ ውስጥ ስድስት ጊዜ ይቆለፋል፤ ጫፉ ሲሳብ መሐሉ ይዘጋል። በሁለተኛው ዙር በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ተደርጎ 12 ይሆናል፣ በሦስተኛው 18፣ በአራተኛው 24። በየዙሩ ስድስት እየተጨመረ እስከቀጠለ ድረስ ሥራው እንደ ሌማት ይዘረጋል። መጨመሩ ሲቆም ዙሪያው ይነሣና ጽዋ ይሆናል፤ ስድስት ስድስት መቀነስ ሲጀመር ይዘጋል፤ ከመዘጋቱ በፊት ጥጥ ወይም ፋይበር ይጠቀጠቅበታል። ይህ ራስ ነው። ሆድ፣ እጅ፣ እግርና ጆሮም በዚሁ ስሌት ለየብቻ ይሠሩና በመርፌ ይገጠማሉ። የጥሩና የመጥፎ ሥራ ልዩነት በጥብቀቱ ይታወቃል። ለዳንቴል ክፍተቱ ውበቱ ነበር፤ ለአሻንጉሊት ክፍተት ነውር ነው፣ ሙሊቱ ይታያልና። ስለዚህ መቆለፊያው ከክሩ ውፍረት አንጻር ቀጠን ያለ ይመረጣል፤ እጅም ይደክማል። ለጨቅላ ሕፃን የሚሠራ ከሆነ የአሻንጉሊቱ ዓይን በክር መጠለፍ አለበት፤ የፕላስቲክ ዓይን ተነቅሎ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል።

ገዢ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሹራብ በማሽን ይሠራል፤ ሸማም በፋብሪካ ይመሰላል። እውነተኛ ኪሮሽ የሚሠራ ማሽን ግን ለገበያ አልቀረበም። በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ዋጋ የሚሸጥ የኪሮሽ አሻንጉሊት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እያንዳንዷን ቀለበት በእጁ የቆለፈው ነው። ከመርካቶ የፕላስቲክ መጫወቻ ጋር ዋጋውን አስተያይቶ መከራከር የሥራውን ባሕርይ ካለማወቅ ይመጣል።

ዳገቱን ለሚያውቅ ሰው፣ እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ ለሴት መተዳደሪያ መሆን መቻሉ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የእንጦጦ ሴቶች የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው በቁስቋም በኩል ሲወርዱ ኖረዋል፤ ከእነርሱ መካከል ሸክሙን ትተው በማኅበር ተደራጅተው ወደ ሽመና የዞሩ አሉ። ያ ማኅበር ሴትን ከሽመናው ዕቃ ፊት ማስቀመጡ ራሱ አሮጌውን የሥራ ክፍፍል የገለበጠ ነበር። ኪሮሽ ከሽመና ያነሰ መነሻ ይጠይቃል። የሚጎድለው ገበያና ጥሩ ክር ነው፤ አሁን በብዛት የሚገኘው ከውጭ የሚመጣ አክሪሊክ ሲሆን፣ ከድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1939 መቆም ጀምሮ ክር ስታመርት የኖረች አገር ለእጅ ሥራ የሚሆን ባለቀለም የጥጥ ክር ለሴቶቿ ማቅረብ አያቅታትም።

ሌላም የሚያስቆጭ ነገር አለ። ናሙናው ከውጭ ስለሚመጣ እንስሳቱም የውጭ ናቸው። ስምንት እግር ያለው የባሕር ኦክቶፐስ አዲስ አበባ ውስጥ በኪሮሽ ይሠራል፤ በሌላ አገር የማይገኘው ጭላዳ ግን እምብዛም አይታይም። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት በሁለት ዙር ቀይ ክር የሚወጣ ነው። የዋልያው ወደ ኋላ የታጠፈ ቀንድ፣ የቀይ ቀበሮው ረጅም አፍንጫ ለዚህ ሙያ የተፈጠሩ ይመስላሉ። የስሜንና የባሌ እንስሳትን ከመጽሐፍ በፊት በእቅፉ ያወቀ ልጅ ሲያድግ ስለ መጥፋታቸው ሲነገረው የሚሰማው ስሜት የተለየ ይሆናል።

ለአንባቢ የሚቀርበው ልመና ሁለት ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ የታጠፈ የእናት ወይም የአያት ዳንቴል ያለው ሰው አይጣለው፤ ሠሪዋ በሕይወት ካሉ ከማን እንደተማሩ፣ በየትኛው ዓመት እንደሠሩት፣ ክሩን ከየት እንደገዙ ጠይቆ በወረቀት ያስፍር። የስድስት ኪሎው ሙዚየምም ከመሶቡና ከጥበቡ ጎን ለአንድ የቴሌቪዥን ዳንቴልና ለአንድ የኪሮሽ ጭላዳ ቦታ ይስጥ።